ድምፅን ለዓይን ማቅረብ፦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሸክላዎች ሽፋንና የንድፍ ባለሙያው ድርሻ

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» እንደሚባለው፣ ይዘት ሁሉ የሚስማማውን መያዣ ይሻል። የጠጁን ጣዕም የሚለየው ምላስ ቢሆንም፣ ብርሌውን አስቀድሞ የሚያየው ዓይን ነው። የሙዚቃ ሸክላም ከዚህ የተለየ አይደለም። ሙዚቃው ለጆሮ የተሠራ ነው፤ ገዢው ግን በመደብር ቆሞ ሸክላውን ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚገናኘው ከድምፁ ጋር ሳይሆን ከካርቶን፣ ከቀለምና ከፊደል ጋር ነው። ስለዚህም የሽፋኑ ንድፍ ሠሪ በሙዚቀኛውና በአድማጩ መካከል የመጀመሪያውን ቃል የሚናገር ሰው ነው ማለት ይቻላል።

ዘፋኝ ወይም ተጫዋች ላለው ሸክላ ሽፋን መሥራት ብዙ አያስቸግርም። የዘፋኙ ፊት፣ የመሣሪያው መልክ፣ የመድረኩ መብራት በቂ መነሻ ይሆናል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ግን ይህ መነሻ ይጠፋል። ድምፁ የሚወጣው ከተወጠረ ክር ወይም ከሚነፋ ቀንድ ሳይሆን ከኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። ሠሪውም አብዛኛውን ጊዜ በመድረክ ላይ የሚታይ ሳይሆን በአንድ ክፍል ውስጥ ከማሽኖች ጋር ሲሠራ የሚውል ሰው ነው። ታዲያ ንድፍ ሠሪው ምን ይሣል? ይህ ጥያቄ ለሙያው ሁለት ነገሮችን በአንድ ላይ አምጥቶለታል፤ አንደኛው ከዚያ በፊት ያልነበረ ነፃነት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከነፃነቱ ጋር የማይነጣጠል ኃላፊነት ነው። የሚከተለው ታሪክ የሁለቱን አመጣጥ ያሳያል። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቡናማ ወረቀት ወደ ሥዕላዊ ሽፋን

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞሩት ሸክላዎች የሚሸጡት መሐሉ ክብ ሆኖ በተቀደደ ተራ ወረቀት ነበር። ቀዳዳው የተተወው በሸክላው እምብርት ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ እንዲነበብ ነው። የአንዱ ገጽ ቆይታ ከጥቂት ደቂቃዎች ስለማይበልጥ፣ ረጅም የሙዚቃ ድርሰት በበርካታ ሸክላዎች ይቀረጽና እንደ ፎቶግራፍ ማስቀመጫ በአንድ ጥራዝ ይሰበሰብ ነበር። ዛሬም ድረስ «አልበም» የሚለው ስም የቀረው ከዚህ የተነሣ ነው። የጥራዙ ልባስ ግን ርዕሱ ብቻ የታተመበትና ምንም ሥዕል የሌለው ነበር።

ይህን የለወጠው በኒው ዮርክ ብሩክሊን የተወለደው አሌክስ ስታይንዋይስ ነው። ስታይንዋይስ በ1939 ዓ.ም. በኮሎምቢያ የሸክላ ኩባንያ የንድፍ ኃላፊ ሆኖ ሲቀጠር ገና የ22 ዓመት ወጣት ነበር። በ1940 ዓ.ም. የሮጀርስንና የሃርትን ዘፈኖች ለያዘ አልበም የመጀመሪያውን ሥዕላዊ ሽፋን ሠራ። ለዚህም በአንድ የኒው ዮርክ ቲያትር ቤት በር ላይ የነበሩት የመብራት ፊደላት ለጊዜው ተለውጠው የአልበሙን ርዕስ እንዲያሳዩ አስደርጎ ፎቶግራፍ አስነሣ። በ1948 ዓ.ም. ኮሎምቢያ በደቂቃ 33 ከ1/3 ጊዜ የሚዞረውን ረጅም ሸክላ ለገበያ ሲያቀርብ፣ የታተመ ወረቀት በስስ ካርቶን ላይ ተለጥፎ የሚሠራውን ሽፋን ያበጀውም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ በየጎኑ 31 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነው አራት ማዕዘን ለግማሽ ምዕተ ዓመት የንድፍ ባለሙያዎች የሥራ ሜዳ ሆነ።

ተጫዋቹ የማይታይ ሙዚቃ

ረጅሙ ሸክላ በወጣበት በዚያው በ1948 ዓ.ም. ፒየር ሼፌር የተባለው ፈረንሳዊ በፓሪስ ራዲዮ ጣቢያ የባቡርንና የሌሎች ነገሮችን ድምፅ ቀርጾ፣ ቆራርጦና ደጋግሞ አዲስ ዓይነት ሙዚቃ አቀረበ። ከእሱ አራት ዓመት አስቀድሞ በ1944 ዓ.ም. ግብፃዊው ሐሊም ኤል ዳብህ በካይሮ የተደረገ የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድተው፣ ድምፁን በስቱዲዮ መሣሪያዎች ለውጠው ነበር። ኤል ዳብህ ኋላ በኒው ዮርክ በኮሎምቢያ ፕሪንስተን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል ሠርተዋል። በ1960ዎቹ መጀመሪያም አዲስ አበባ መጥተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተምረዋል፤ በ1963 ዓ.ም. ለተመሠረተው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። በጀርመን ደግሞ በ1951 ዓ.ም. በኮሎኝ ራዲዮ ስቱዲዮ ተቋቁሞ፣ ካርልሃይንዝ ሽቶክሃውዘን በ1956 ዓ.ም. የአንድን ልጅ ድምፅና በማሽን የተፈጠሩ ድምፆችን ያዋሐደ ድርሰት አቅርቧል። አድማጩ በአዳራሽ ተቀምጦ የሚያየው ተጫዋች አልነበረም፤ በዙሪያው የቆሙ ድምፅ ማጉያዎች ብቻ ነበሩ።

የሸክላ አሳታሚዎች ለዚህ አዲስ ነገር የሰጡት የመጀመሪያ መልስ ጥንቃቄ የበዛበት ነበር። የደራሲው ስም፣ የድርሰቱ ርዕስና የኩባንያው ምልክት በሥርዓት ተደርድረው ይታተማሉ። ሽፋኑም ሸክላው በታወቀ ተቋም የተመሰከረለት መሆኑን ከመግለጽ ሌላ ስለ ድምፁ ጠባይ የሚለው ነገር አልነበረም።

ከዚህ የተለየ መንገድ የተከተለው በ1967 ዓ.ም. በፈረንሳይ የፊሊፕስ ኩባንያ የጀመረው ተከታታይ እትም ነው። ስሙ በአማርኛ «የ21ኛው መቶ ዓመት አድማስ» ተብሎ ሊተረጎም የሚችለው ይህ እትም፣ ሽፋኖቹ ረቂቅ መስመሮች በተቀረጹበት ብርማ ወረቀት የተሠሩ ነበሩ። ሽፋኑን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ቅርፁ የሚዞርና የሚንቀሳቀስ ይመስላል። በላዩ የሰው ፊት የለም፣ መሣሪያም የለም። ሥዕሉ ማንንም ሳይወክል በዓይን ላይ የሚሠራው ሥራ፣ ሙዚቃው በጆሮ ላይ ከሚሠራው ጋር ይመሳሰላል። ከሙያ አኳያ ሲታይ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፤ ወረቀቱና የኅትመቱ ዘዴ ራሳቸው ሐሳቡን ተሸክመዋል።

የባህ ዊግና የሽቦው ማሽን

በ1968 ዓ.ም. የኮሎምቢያ ኩባንያ ያሳተመው የዌንዲ ካርሎስ ሸክላ በተቃራኒው መንገድ ሄደ። ካርሎስ የዮሐን ሰባስቲያን ባህን ድርሰቶች ሮበርት ሙግ በሠራው ሲንተሳይዘር እያንዳንዱን የድምፅ መስመር ለየብቻ እየቀረጸች አዘጋጀች። ሸክላው ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ፤ በ1970 ዓ.ም. ሦስት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ። ብዙ ሰው ሲንተሳይዘር የሚባለውን መሣሪያ መልክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየውም በዚህ ሽፋን ላይ ነው።

ሽፋኑ እንደ ባህ ዘመን ዊግ ያጠለቀና ካባ የለበሰ ሰው በማሽኑ ፊት ያሳያል። በመጀመሪያው እትም ሰውየው ተቀምጦ ፊቱን አጨማድዶ ይታይ ነበር። ካርሎስና የሸክላው አዘጋጅ ራቸል ኤልካይንድ ይህ ፎቶግራፍ በብዙ ድካም የተሠራውን ሙዚቃ ወደ ቀልድ የሚያወርድ ሆኖ ስላገኙት አልወደዱትም። ከዚያም በኋላ በወጡት ቅጂዎች ባህን መስሎ በክብር የቆመ ሰው በሚታይበት ሌላ ፎቶግራፍ ተተካ።

ጉዳዩ ትንሽ ቢመስልም ለሙያው ትምህርት አለው። ፎቶግራፍ አንሺው የተሰጠውን ሐሳብ ፈጽሟል፤ ኩባንያውም ገዢን የሚስብ ነገር አግኝቷል። ይሁን እንጂ ሙዚቃው ምን ያህል ከልብ የተሠራ እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም። አድማጩ ማሽን ሙዚቃ ይሠራል ብሎ ለማመን በሚጠራጠርበት ጊዜ፣ ሽፋኑ ከጥርጣሬው ጋር አብሮ ቢስቅ የሙዚቀኛውን ሥራ ይጎዳል። ሽፋን ከገበያው ጋር ብቻ ሳይሆን ከሥራው ጋርም መስማማት እንዳለበት ያሳየ አጋጣሚ ነው።

ዱሰልዶርፍ፦ የመንገድ ምልክትና የቀይ ሸሚዝ

በ1970 ዓ.ም. በጀርመን ዱሰልዶርፍ ከተማ ራልፍ ሁተርና ፍሎሪያን ሽናይደር ክራፍትቬርክ የተባለውን ቡድን መሠረቱ። ስሙ «የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ» ማለት ነው። የመጀመሪያው ሸክላቸው ሽፋን በነጭ ላይ የተነደፈ ቀይ ብርቱካናማ የመንገድ ሥራ ማስጠንቀቂያ ኮን ብቻ ያሳያል፤ የሁለተኛው ደግሞ ያንኑ ኮን በአረንጓዴ ቀለም ያሳያል። ማንም በየዕለቱ ሳያስተውለው የሚያልፈውን የጎዳና ዕቃ የሙዚቃ ቡድን ዓርማ ማድረጋቸው፣ ተጫዋቹ ከሽፋኑ ሲወጣ ቦታውን ምልክት ሊይዘው እንደሚችል ያመለከተ ነበር።

በ1974 ዓ.ም. የወጣው «አውቶባን» የተባለው አልበም ሁለት ሽፋኖች ነበሩት። ለጀርመን እትም ኤሚል ሹልት ሥዕል ሣለ። ሹልት በዱሰልዶርፍ የሥነ ጥበብ አካዳሚ የዮሴፍ ቦይስ ተማሪ የነበረ ሠዓሊ ሲሆን፣ ሥዕሉም ሰፊ አውራ ጎዳና፣ የሚሽከረከሩ መኪናዎች፣ ተራራና ፀሐይ ያሳያል። ለእንግሊዝ እትም ግን ሥዕሉ ቀርቶ በሰማያዊ መደብ ላይ በነጭ የተሣለው የአውራ ጎዳና የትራፊክ ምልክት ብቻ ታተመ። ሥዕሉ ስለ ጉዞ ይተርካል፤ ምልክቱ ግን የጉዞውን ፍሬ ነገር በአንድ ዓይን እይታ ይሰጣል። ይህን የእንግሊዝ ሽፋን በማንችስተር ይመለከት የነበረ አንድ ወጣት ኋላ ከሙያው ታላላቅ ሰዎች አንዱ እንደሚሆን ከዚህ በታች ይገለጻል።

በ1978 ዓ.ም. የወጣው «የሰው ማሽን» የተባለው አልበም ሽፋን የካርል ክሌፊሽ ሥራ ነው። አራቱ ሙዚቀኞች ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ክራባት አድርገው በደረጃ ላይ ቆመዋል፤ ፊደሎቹ ሰያፍ ሆነው በቀይ፣ በጥቁርና በነጭ ይነበባሉ። አራት ሰዎች ይታዩ እንጂ አራት ግለሰቦች አይታዩም፤ ተመሳሳይ ልብስና ተመሳሳይ አቋም አንድ አካል አድርጓቸዋል። ክሌፊሽ ይህን አቀራረብ የወሰደው ከሩሲያዊው ኤል ሊሲትስኪ ነው። የጀርባው ገጽም ሊሲትስኪ በ1922 ዓ.ም. በበርሊን ካሳተመው የሁለት አራት ማዕዘኖች ታሪክ የተባለ የሕፃናት መጽሐፍ የተቀዳ ነው። ክሌፊሽ ግን ብድሩን አልደበቀም፤ የሊሲትስኪ ስም በሽፋኑ ላይ ታትሟል። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ መታወሱ አስፈላጊ ነው።

ማንችስተር፦ ስም ያልተጻፈበት ሽፋን

ፒተር ሳቪል በ1955 ዓ.ም. በማንችስተር ተወለደ፤ በከተማይቱ ፖሊቴክኒክም ግራፊክ ንድፍ ተማረ። የ«አውቶባን» የእንግሊዝ ሽፋን ምልክት ብቻውን ምን ያህል ሊናገር እንደሚችል እንዳስተማረው በተደጋጋሚ ገልጿል። ጓደኛው ማልኮም ጋሬት ያሳየው የኸርበርት ስፔንሰር መጽሐፍ ደግሞ በ1920ዎቹ የነበሩትን የዘመናዊ ፊደል ድርደራ ፈር ቀዳጆች አስተዋወቀው። በ1978 ዓ.ም. ከቶኒ ዊልሰንና ከአለን ኢራስመስ ጋር ሆኖ ፋክትሪ የተባለው የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተካፋዮች አንዱ ሆነ።

ፋክትሪ ለእያንዳንዱ ሥራ የመዝገብ ቁጥር ይሰጥ ነበር። ቁጥር 1 የተሰጠው ለሸክላ ሳይሆን ሳቪል ለሠራው ማስታወቂያ ነው። በ1982 ዓ.ም. የተከፈተው ሃሲየንዳ የተባለው የዳንስ አዳራሽ 51 ቁጥርን ሲያገኝ፣ በአዳራሹ ለምትኖረው ድመት 191 ተሰጣት። ዊልሰን በ2007 ዓ.ም. ሲሞት የሬሳ ሣጥኑ 501 ተብሎ ተመዘገበ። ቀልድ ቢኖርበትም በውስጡ የያዘው እምነት ብርቱ ነው፤ ማስታወቂያውና ሽፋኑ ከሙዚቃው እኩል ሥራ ተብለው ተቆጥረዋል።

በ1979 ዓ.ም. ጆይ ዲቪዥን ለተባለው፣ ከጊታርና ከከበሮ ጋር ሲንተሳይዘር መጠቀም ለጀመረው ቡድን ሳቪል የመጀመሪያ አልበሙን ሽፋን አዘጋጀ። ሙዚቀኞቹ ያመጡለት በአንድ የሥነ ፈለክ መዝገበ ዕውቀት ላይ የታተመ ንድፍ ነበር። ንድፉ በ1967 ዓ.ም. ጆስሊን ቤል ካገኘችው፣ የራዲዮ ሞገድ እያርገበገበ ከሚልክ ኮከብ የተመዘገቡ ምልክቶችን አንዱን ከአንዱ በላይ ደርድሮ ያሳያል። በመጽሐፉ ጥቁር መስመር በነጭ ላይ የነበረውን ሳቪል ገልብጦ ነጭ መስመር በጥቁር ላይ አደረገው፤ ወረቀቱም ሲዳሰስ ሻካራ የሆነ ተመረጠ። በፊት ገጹ ላይ የቡድኑ ስምም ሆነ የአልበሙ ርዕስ አልተጻፈም።

የጆይ ዲቪዥን ዘፋኝ በ1980 ዓ.ም. ከሞተ በኋላ የቀሩት አባላት ኒው ኦርደር በሚል ስም ቀጠሉ፤ ሙዚቃቸውም እያደር ወደ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች አዘነበለ። በመጋቢት 1983 ዓ.ም. «ብሉ መንዴይ» የተባለው ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዘፈናቸው በ12 ኢንች ሸክላ ወጣ። ሳቪል በቡድኑ የሥራ ክፍል ለማሽኖቹ መረጃ ማስቀመጫ ያገለግል የነበረውን ፍሎፒ ዲስክ አይቶ በመልኩ ተማርኮ ነበር። ስለዚህ ሽፋኑን ራሱን እንደ ትልቅ ፍሎፒ ዲስክ አድርጎ ሠራው፤ ጥቁር ካርቶን በስለት ተበስቶ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ብርማው የውስጥ ከረጢት ይታያል። በቀኝ ጠርዝ ላይ ከላይ እስከ ታች የተደረደሩ ባለ ቀለም ትንንሽ አራት ማዕዘኖች አሉ። ፊደል ግን የለም።

ቀለሞቹ ጌጥ አልነበሩም። እያንዳንዱ ቀለም ወይም የቀለም ጥምር አንድን ፊደል ወይም አኃዝ ይወክላል፤ ተነበው ሲገጣጠሙም የመዝገብ ቁጥሩን፣ የዘፈኖቹን ርዕስና የቡድኑን ስም ይሰጣሉ። መፍቻው የተገኘው ከሁለት ወር በኋላ በወጣው የቡድኑ አልበም ጀርባ ላይ በታተመው ክብ የቀለም ሰሌዳ ነው። የዚያ አልበም ፊት ደግሞ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሄንሪ ፋንታን ላቱር በ1890 ዓ.ም. የሣለውን የጽጌረዳ ቅርጫት የያዘ ነው። አሮጌው የአበባ ሥዕልና አዲሱ የማሽን ቋንቋ በአንድ ካርቶን ላይ መገናኘታቸው፣ ከማሽን የወጣውም ሙዚቃ ሐዘንና ውበት የሚሸከም መሆኑን ያለ ቃል ይናገራል።

ዋጋና ስም

ነፃነት ግን ሒሳብ አለው። የ«ብሉ መንዴይ» ሽፋን በስለት መበሳት፣ ተጨማሪ ቀለሞችና የተለየ የውስጥ ከረጢት ያስፈልጉት ስለነበር ከተራ ሽፋን እጅግ የበለጠ ወጪ ጠየቀ። ድርጅቱ በእያንዳንዱ ቅጂ ይከስር እንደነበረ በስፋት ሲነገር ኖሯል፤ የኪሳራው መጠን እንደ ተናጋሪው ይለያያል። የማያከራክረው ኋላ የታተሙት ቅጂዎች ቀዳዳው ቀርቶ በርካሽ ሽፋን መውጣታቸው ነው። ሸክላው ግን ከአንድ ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጦ በብሪታንያ የ12 ኢንች ነጠላ ሸክላዎችን የሽያጭ ታሪክ የሚመራ ሆነ። ለጥቂት ሺህ ቅጂ ታስቦ ቢሆን ኖሮ እንደ መልካም ማስታወቂያ የሚታለፍ ወጪ፣ በሚሊዮን ሲባዛ ሌላ ነገር ይሆናል። ፋክትሪ በ1992 ዓ.ም. በኪሳራ ተዘጋ። ምክንያቶቹ ብዙ ስለሆኑ ጥፋቱን በአንድ ሽፋን ላይ መጫን አይገባም፤ ነገር ግን የማተሚያ ቤቱን ዋጋ ሳይጠይቅ የሚነድፍ ባለሙያና ሳይጠይቅ የሚያሳትም ድርጅት ሲገናኙ የሚከተለውን ያሳያል።

ሁለተኛው ጉዳይ የስም ጉዳይ ነው። የኮከቡ ሞገድ ንድፍ ከሰማይ አልወረደም። ሃሮልድ ክራፍት የተባለ ወጣት ተመራማሪ በፖርቶ ሪኮ በአሬሲቦ የራዲዮ ቴሌስኮፕ የተገኘውን መረጃ በኮምፒዩተር አስሥሎ፣ በ1970 ዓ.ም. ለኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ውስጥ ያካተተው ነው። ንድፉ በ1971 ዓ.ም. በአንድ የሳይንስ መጽሔት፣ ከዚያም በመዝገበ ዕውቀቱ ታተመ። ከሽፋኑ በኋላ በዓለም ዙሪያ በካናቴራ፣ በግድግዳና በሰው ቆዳ ላይ ሳይቀር ተባዛ፤ የክራፍት ስም ግን ለብዙ ዓመታት ከጥቂት ባለሙያዎች በቀር የሚያውቀው አልነበረም።

እዚህ ላይ ሁለቱን ሽፋኖች ማነጻጸር ይገባል። ክሌፊሽም ሳቪልም ሌላ ሰው ከሠራው ተነሥተዋል፤ ሁለቱም የወሰዱትን በአዲስ ቦታ አኑረው አዲስ ትርጉም ሰጥተውታል። ልዩነቱ አንደኛው የባለቤቱን ስም ማተሙ ነው። ስም ለመጻፍ የሚያስፈልገው አንድ መስመር ፊደል ነው፤ ቀለም አይጨምርም፣ ስለትም አይጠይቅም። የራሱ ስም በማኅተሙ ላይ እንዲወጣ የሚከራከር የንድፍ ባለሙያ የሌላውን ስም ሲዘነጋ ክርክሩ ይዳከማል።

ዲትሮይትና ሼፊልድ

በ1980ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ ዲትሮይት ሁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን ቴክኖ የተባለውን ሙዚቃ በራሳቸው ትንንሽ ድርጅቶች ማሳተም ጀመሩ። ለውድ ሽፋን የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረ ብዙዎቹ ሸክላዎች እንደ ጥንቱ መሐሉ በተቀደደ ተራ ከረጢት ይወጡ ነበር። ስለሆነም ንድፉ በሸክላው እምብርት ላይ በሚለጠፈው ክብ ወረቀት ተወሰነ። ከዚያም አልፎ ሸክላ ቀራጩ ሮን መርፊ በመጨረሻው ጎድጎድና በወረቀቱ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አጫጭር መልእክቶችን ይጭር ነበር። ሸክላውን በብርሃን አዘንብሎ ያላየ ሰው አያነባቸውም። ድኅነት የንድፍ ቦታ ሲያሳጣ ባለሙያው ሌላ ቦታ ይፈልጋል።

በዚሁ ከተማ ድሬክሲያ የተባለው ቡድን በ1997 ዓ.ም. ባወጣው ስብስብ ላይ የታተመው ጽሑፍ አንድ ተረት ይተርካል፤ ከባሪያ ጫኝ መርከቦች ወደ ባሕር የተጣሉ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያት የወለዷቸው ልጆች በውኃ ውስጥ መተንፈስ ችለው አገር መሠረቱ ይላል። ከጽሑፉ ጋር የባሪያ ንግድን መንገድ፣ የጥቁሮችን ወደ ሰሜን ከተሞች መፍለስ፣ የቴክኖን በዓለም መሠራጨትና ወደ አገር ቤት የሚደረገውን የወደፊት ጉዞ የሚያሳዩ ካርታዎች ታትመዋል። በ1999 ዓ.ም. ለወጣው አልበማቸው ሠዓሊው አብዱል ቃዲም ሃቅ ይህንኑ የባሕር ውስጥ ዓለም ሣለ። የድሬክሲያ ሙዚቃ በአብዛኛው ግጥም አልባ ነው፤ የአንድ ሕዝብ መከራ ታሪክ ከማሽን ድምፅ ጋር የተገናኘው በሽፋኑ አማካይነት ነው። የንድፍ ባለሙያው ድርሻ ከዚህ በላይ ጎልቶ የታየበት ምሳሌ ብዙ አይገኝም።

በእንግሊዝ ሼፊልድ ደግሞ ኢያን አንደርሰን በ1986 ዓ.ም. «ዘ ዲዛይነርስ ሪፐብሊክ» የተባለውን የንድፍ ድርጅት አቋቋመ። ድርጅቱ በ1989 ዓ.ም. በከተማይቱ ለተመሠረተው ዋርፕ ለተባለው አሳታሚ ዓርማና ሐምራዊ የጋራ ከረጢት አዘጋጀ። አንድ ዓይነት ከረጢት ለብዙ ሸክላ ማገልገሉ ወጪ ይቀንሳል፤ በመደርደሪያ መካከል ከሩቅ መለየቱም የማይታወቅን ሙዚቀኛ በታወቀ ቀለም ያስተዋውቃል። ሳቪል በውድ ዋጋ ያገኘውን ውጤት ሼፊልዶች በቁጠባ አገኙት ማለት ይቻላል። በ1992 ዓ.ም. ዋርፕ ያወጣው ስብስብ ሽፋን ላይ ፊል ዎልስተንሆልም በኮምፒዩተር የሠራው ሥዕል፣ አንድ ሮቦት በምቹ ወንበር ተንጋልሎ ሙዚቃ ሲያዳምጥ ያሳያል። ከእግሩ ሥር ከተበተኑት ሸክላዎች አንዱ የክራፍትቬርክ ነው። ሙዚቃው ለዳንስ ብቻ ሳይሆን በቤት ተቀምጦ ለማዳመጥም መሆኑን ሥዕሉ በግልጽ ተናግሯል።

ከካሴት ወደ ሸክላ

በኢትዮጵያ አምኃ እሸቴ በ1969 ዓ.ም. የግል የሸክላ አሳታሚ ድርጅት ካቋቋመ ወዲህ፣ በሽፋኖቹ ላይ የሚጎላው የዘፋኙ ስምና ፎቶግራፍ፣ አብሮም የሚያጅበው ባንድ ስም ነበር። ኋላ ካሴት ሸክላን ተካው፤ የንድፍ ሠሪውም ሜዳ ወደ መዳፍ ስፋት ወረደ።

የዋልያስ ባንድ አባል የነበሩት ኃይሉ መርጊያ አሜሪካ ቀርተው በ1985 ዓ.ም. በዋሽንግተን አካባቢ «ሸሞንሟናዬ»ን በካሴት አወጡ። አኮርዲዮንን ከሲንተሳይዘርና ከኤሌክትሪክ ፒያኖ ጋር አዋሕደው፣ አንዱን ድምፅ በሌላው ላይ እየደረቡ ብቻቸውን የሠሩት ነው። የካሴቱ ርዕስ ራሱ ልብ ሊባል ይገባል፤ «ኃይሉ መርጊያና ክላሲካል መሣሪያው» የሚል ነው። በሸክላዎቹ ዘመን የባንዱ ስም ይጻፍበት የነበረውን ቦታ እዚህ መሣሪያው ወሰደው። በዱሰልዶርፍና በማንችስተር በምልክት የተመለሰው ጥያቄ በዚህ በኩል በአንድ ሐረግ ተመልሷል።

ሥራው በ2013 ዓ.ም. በአንድ የአሜሪካ አሳታሚ አማካይነት በሸክላ እንደገና ወጥቶ በብዙ አገሮች ተደማጭነት አገኘ። እንዲህ ያለው ዳግም እትም እየበዛ ስለሄደ ለንድፍ ባለሙያው አዲስ ሥራ ተፈጥሯል። ለካሴት የታሰበ ንድፍ በየጎኑ ወደ 31 ሳንቲ ሜትር ሲሰፋ የፎቶግራፉ ነጠብጣብ ይጎላል፣ የፊደሉ ጠርዝ ይበላሻል። ደምስሶ አዲስ መሥራት ቀላል ነው፤ ግን የመጀመሪያውን ባለሙያ እጅ ያጠፋል። ብዙ ካሴቶች የንድፍ ሠሪያቸውን ስም ሳይዙ ስለታተሙ፣ እጁ ከጠፋ ሰውየውም አብሮ ይጠፋል።

ማጠቃለያ

ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው ኮምፓክት ዲስክ የሽፋኑን ስፋት ከስድስት እጅ አንድ እጅ ወደማይሞላ አወረደው፤ ዛሬ በስልክ ለሚደመጥ ሙዚቃ የሚታየው ሥዕል ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም። ያም ሆኖ ሸክላ አልጠፋም፤ በወጣቶች ዘንድ እንደገና ተፈላጊ ሆኗል። በመጠን የተለወጠ ነገር ቢኖርም የሥራው ጥያቄ አልተለወጠም፤ የማይታየውን ድምፅ በሚታይ ነገር እንዴት ማቅረብ ይቻላል የሚለው ነው።

ከላይ የታዩት ምሳሌዎች የሚሰጡት ትምህርት ሦስት ነው። መልካም ሽፋን ከሙዚቃው ጠባይ ይነሣል እንጂ በሙዚቃው ላይ አይቀልድም፤ የካርሎስ ሸክላ ምስክር ነው። መልካም ሐሳብ የማተሚያ ቤቱን ሒሳብ አይንቅም፤ የፋክትሪ ጥቁር ካርቶንና የዋርፕ ሐምራዊ ከረጢት ጎን ለጎን ይህን ያስረዳሉ። ከሌላው የተወሰደ ነገር የባለቤቱን ስም ይዞ ይታተማል፤ ሊሲትስኪ አግኝቶታል፣ ክራፍት ዘግይቶ ነው ያገኘው፣ የብዙዎቹ ካሴቶች ንድፍ ሠሪዎች ደግሞ ገና አላገኙትም። በየማተሚያ ቤቱ መጋዘንና በየቤቱ መደርደሪያ የቀሩት ሽፋኖች ሳይበሰብሱ፣ የሠሯቸውም ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ ስማቸውን ጠይቆ መመዝገብ የሙያው ባልደረቦች ሊፈጽሙት የሚችሉት ሥራ ነው።